ስሙን ጥሪልኝ ያሉት ሕመም፦ ወይዘሮ ዘነበች ቱፋን ስናስብ

የሰበታዋ የዩኒፎርም ሰፊ ወይዘሮ ዘነበች ቱፋ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን የሰማችሁ አላችሁ፤ ያልሰማችሁም አትጠፉም። ቀብራቸው ላይ ለተገኛችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን የምጽፈው ላልደረሳችሁ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላላችሁ ወዳጆቻቸው፣ እርሳቸው የሰፉትን ለብሳችሁ ፊደል ለቆጠራችሁና ዛሬ የት እንዳላችሁ ለማናውቃችሁ ልጆች ነው። ያረፉት በገዛ ቤታቸው፣ በማለዳ፣ አንድ ልጃቸው ሄለን እጃቸውን ይዛ ነው። እኔ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው ነበርኩ። ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለሁ እሪታዋን ሰማሁ፤ አንዱን ጫማ እንኳ ሳላስር ሮጥኩ።

እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። በዚሁ ጦስ በእድራችን ሰው ባረፈ ቁጥር የሕይወት ታሪክ የምጽፈውም፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሜ የማነበውም እኔ ነኝ። አጻጻፉን ታውቁታላችሁ። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ ይልና መጨረሻው ላይ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይላል። የስኳሩም፣ የጉበቱም፣ የልቡም ይኸው አንድ ነው። አንድ ጊዜ ከቀብር ስንመለስ እትዬ ዘነበች ክንዴን ያዝ አደረጉና «አንቺ መምህርት፣ ሰውየው በምን እንደሞተ ልጠይቅሽ ነበር፤ አንብበሽ ጨርሰሽም አላወቅኩም» አሉኝ። «እኔም አላውቅም» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ከቀብር መልስ መሳቃቸው ትዝ አላቸውና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ሱቃቸው ታክሲ መያዣው ጀርባ ያለችው ጠባብ ቤት ናት። ክረምት ሲገባደድ በሩ ላይ እናቶች ይሰለፋሉ፤ ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ጨርቅ እስከ ጣሪያው ይቆለላል። እትዬ ዘነበች ልጅ ሲለኩ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው ነው፤ እንዲያም ሆኖ ማውራት አያቆሙም። የቀሚስና የሱሪ ጫፍ ሲሰፉ ወደ ውስጥ በርከት አድርገው ያጥፋሉ። ጨርቄን አባከኑብኝ የምትል እናት ስትመጣ «ልጅሽ አታድግም እንዴ? ስታድግ ይዘሻት ነይ፣ እፈታዋለሁ» ይሏታል። መስከረም ሲጠባ ያደጉት ልጆች ይመጣሉ፤ እርሳቸውም ጫፉን ፈትተው፣ ተኩሰው፣ «በል፣ ዘንድሮም አዲስ ሆንክ» ብለው ይሸኛሉ። ለዚህ ሥራ ከማንም ቤሳ አይቀበሉም ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ ክፍል ውስጥ እያለች የወር አበባ መጣባት። ወንዶቹ መንሾካሾክ ሲጀምሩ ሹራቤን ወገቧ ላይ አሰርኩላትና ወደ እትዬ ዘነበች ሱቅ ላክኋት። ከሰዓት ስትመለስ ቀሚሷ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ፊቷም ታጥቦ ነበር። «ምን አሉሽ?» ብላት «የሚታጠብ ነገር አያሳፍርም አሉኝ» አለችኝ። ያቺ ልጅ ዛሬ እናት ናት። ለቅሶ ቤት መጥታ ይህንኑ እያነሳች ስታለቅስ ሁላችንንም አስለቀሰችን።

ታዲያ ለሰው ልጅ እንዲህ የሚሉት ሴት የራሳቸውን ከዓመት በላይ ደብቀው ያዙ።

መጀመሪያ ያየሁት መቆማቸውን ነው። ሰፊ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። እርሳቸው ግን የስፌት መኪናውን ለሌላ ሰፊ ትተው ቀኑን ሙሉ ቆመው ጨርቅ መቁረጥ ጀመሩ። ሱቃቸው ስገባ በርጩማውን ወደ እኔ ይገፉታል። «እርስዎ ይቀመጡ እንጂ» ስላቸው «ወገቤን ነው፣ ስቀመጥ ይብስብኛል» ይላሉ። ማኅበር ላይ እንኳ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። እኔ ነገር ከያዝኩ የማልለቅ ሰው ነኝ፤ ባሌም ይመሰክራል። አንድ ቅዳሜ ሱቃቸው ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና «ይሄ ወገብ አይደለም። ይንገሩኝ» አልኳቸው።

መቀሱን ሳያስቀምጡ «ያሳክከኛል» አሉኝ።

«ምንዎትን?»

«እዚያ ነዋ!» አሉና ፊታቸውን ወደ ጨርቁ አዞሩ። «ከዓመት በላይ ሆነው። አሁን ደግሞ ቆስሏል። እንደ ኪንታሮት ያለች ነገርም ወጥታበታለች። ሽንቴን ስሸና ያቃጥለኛል፤ ልብሴ ላይም ደም አያለሁ።»

«ሐኪም ዘንድ አልሄዱም?»

«ጤና ጣቢያ ሄጄ ነግሬያለሁ። ቅባት ሰጡኝ። አልተወኝም፤ ተመልሼ ሄድኩ፤ ሌላ ቅባት ሰጡኝ።»

«እሱስ ይሁን፤ ቁስሉን በዓይኑ ያየ ሰው አለ ወይ?»

«ማን ያሳያል! ሐኪሙ የሄለን እኩያ ልጅ ነው። እሱም አፈረ፣ እኔም አፈርኩ።»

አቤት፣ እንዴት እንደተናደድኩ! በማን እንደተናደድኩም አላውቅም። አንዱ አፍሮ አላየም፣ አንዷ አፍራ አላሳየችም፣ ቁስሉ ደግሞ ማንንም ሳያፍር አደገ። ጸበልም ይጠመቁ ነበር። እኔ ጸበል ይቅር አልልም፤ እርሳቸውም እስከ መጨረሻው አልተዉትም፤ ኋላ ያከመቻቸው ሐኪምም «ይጠመቁ፣ ከኔም ቀጠሮ አይቅሩ» ነው ያለቻቸው። ሰኞ ከሥራዬ ፈቃድ ወስጄ አዲስ አበባ ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ ሴት መሆኗ እግዜር የሠራው ነው። መጋረጃውን ስባ፣ አስተኝታ፣ በደንብ አየቻቸው። በቁስሉ ዙሪያ የነጣውን ቆዳም የቆሰለውንም መረመረች፤ ብሽሽታቸውን ዳሰሰች። ከዚያ ቦታውን አደንዝዛ ከቁስሉ ላይ ትንሽ ቆርጣ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ሄለንም አብራን ነበረች። ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ እንዲህ አለች፦ «ካንሰር ነው። ሰው የሚያውቀው የማኅፀን በር ካንሰርን ነው፤ ይሄ እሱ አይደለም። ይሄ የሴት ብልት የውጪው ክፍል ካንሰር ይባላል። በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ቦታ ላይ ነው የሚወጣው።»

እትዬ ዘነበች መጀመሪያ የጠየቁት «ምን በድዬ ነው?» ብለው ነው።

«ምንም አልበደሉም። አንዳንዴ ብዙ ዓመት ሳይታከም የቆየ የቆዳ ሕመም ያመጣዋል፤ አንዳንዴ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚይዘው ቫይረስ ያመጣዋል። ዕድሜ ሲገፋም ይበዛል። ቅጣት አይደለም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይደለም። ካንሰሩም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።»

«ቀድሜ ብመጣስ ኖሮ?»

ሐኪሟ «ቀድመው ለሚመጡት ብዙ ጊዜ ትንሽ ቆርጠን እናድናለን። አሁንም የምንሠራው አለ፤ ሥራው ግን ከበድ ይላል» አለች። እትዬ ዘነበች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሄለን እያለቀሰች ስለነበር ነጠላቸውን አውልቀው እርሷን አለበሷት።

ቀዶ ሕክምናው ቁስሉን ከዙሪያው ካለው ጤነኛ ቆዳ ጭምር ማንሳት ነበር። በሁለቱም ብሽሽታቸው ያሉትን ንፍፊቶችም አወጡ፤ ካንሰሩ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። ተመርምረው ሲታዩ ደርሶባቸው ተገኘ። ስለዚህ የጨረር ሕክምና ታዘዘላቸው፤ ከእርሱም ጋር ኬሞ። ጨረር ወረፋ አለው፤ ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ ከሰበታ መመላለሱ ስለከበዳቸው ቡራዩ፣ ሄለን ተከራይታ ወደምትኖርበት ቤት ገቡ።

ጨረሩ እየገፋ ሲሄድ ቆዳቸው የፈላ ውሃ የነካው መሰለ። ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ ቆሞ ለመሄድ ሲሉ ትልቁን አውቶቡስ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። አንድ ወጣት ብድግ ብሎ «እማማ፣ ይቀመጡ» አላቸው። «ተባረክ ልጄ፣ ይመቸኛል» አሉት። አንዲት ልጅ ተነሳች። «አይ፣ አንቺ ተቀመጪ» አሏት። ይሄኔ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው ተቆጡ፤ «ልጆቹ አክብረው ሲነሱ እምቢ ማለት ምን የሚሉት ነው? ቁጭ ይበሉ እንጂ!» አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እትዬ ዘነበች ብረቱን እንደያዙ ፈገግ ብለው «ስለት አለብኝ አባቴ፣ ቆሜ ልሄድ ተስያለሁ» አሉ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁላቸው።

ስንወርድ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ፈረስኩ። ሳቃቸው ሳያበቃ ግን ለቅሶ ሆነ። «እስቲ አሁን፣ ለመቆም እንኳ መዋሸት አለብኝ? ስሙን ብጠራው ማን ይቆጣኝ ነበር?» አሉኝ። መንገድ ዳር ቆመን ተቃቅፈን አለቀስን፤ አላፊ አግዳሚው መርዶ የተነገረን መስሎት ይሆናል።

ከዚያች ቀን በኋላ እትዬ ዘነበች ሌላ ሰው ሆኑ። ጨረር በሚጠበቅበት አዳራሽ ከሱሉልታ የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች፤ ስሟን አልጽፈውም። ከማንም አታወራም። ባሏ ውጭ ሆኖ ይጠብቃታል። እትዬ ዘነበች አጠገቧ ሄደው በዚያ በለመድነው ድምፃቸው «እኔ የብልት ካንሰር ነው ያለብኝ። አንቺስ?» አሏት። ሴትዮዋ «ኩላሊት» አለች። ቆየችና አንገቷን ደፍታ «እኔም እንደርስዎ» አለች። ለባሏ ኩላሊት ብላው ኖሯል። እትዬ ዘነበች ወጥተው ሰውየውን እጁን ይዘው አስገቡትና ሴትዮዋ ራሷ ነገረችው። ሰውየው ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። «ለዚህ ነው የሸሸሽኝ? እኔ እኮ ሌላ ወንድ መስሎኝ ስቃጠል የኖርኩት!» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እትዬ ዘነበች ይህን ሲያወሩ «ወንዱም ተነግሮት አያውቅ፣ ምን ያርግ!» ይሉ ነበር። የሱሉልታዋ ሴት ዛሬ ደህና ናት፤ ክትትሏንም አላቋረጠችም።

ጨረሩ ሲያልቅ ደህና ጊዜ አገኙ። ሰበታ ተመልሰው ሱቃቸውን ከፈቱ። እግራቸው ግን ያብጥባቸው ነበር፤ ንፍፊቱ ሲወጣ ፈሳሹ መሄጃ ያጣል አሉን፤ ጫማ አልገባ እያላቸው በሸበጥ ይሄዳሉ። ያኔ ነው ዩኒፎርሙን ቀንሰው ሌላ ሥራ የጀመሩት። ከለስላሳ ጥጥ ሰፋፊ የውስጥ ልብስ ይሰፋሉ፤ ስፌቱ ቁስል እንዳይፈትግ ወደ ውጪ ያዞሩታል። ክትትል በሄዱ ቁጥር አንድ ፌስታል ሞልተው ለተኙት ሴቶች ያድላሉ። አንዷ «ተገልብጦ ተሰፋ እኮ» ብትላቸው «ማን ያይብሻል? አንቺን ብቻ ይመችሽ» አሏት።

ሱቅ የምትመጣ ሴትም ሳትመከር አትወጣም። «መስታወት አለሽ? በሩን ቆልፊና በመስታወት ራስሽን እዪ። ማሳከኩ አልተው ካለ፣ ቁስሉ አልድን ካለ፣ ቆዳው ከነጣ ወይ ከጠቆረ፣ እብጠት ካየሽ፣ ደም ካየሽ ሂጂ። ሁሉም ካንሰር አይደለም፤ ግን ይታይ። ሐኪሙ ሳያይሽ ቅባት ከሰጠሽ ከወንበሩ አትነሺ» ይሏታል። አንዳንዷ በእፍረት ጨርቋን ጥላ ትወጣለች። ኋላ ጨርቋን ልትወስድ ስትመለስ ጠጋ ብላ ትጠይቃለች።

ሕመሙ ተመልሶ መጣ። በክትትል ላይ ሳሉ ሳንባቸውም ላይ ታየ። ሐኪሟ አልደበቀቻቸውም። ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና ሕመም ማስታገስ ነበር፤ የሚጠጣ ሞርፊን ሰጡን፤ እርሱም ባይኖር ምን እንሆን እንደነበር አላውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በጎናቸው ተኝተው ሳሉ፣ «የኔን ታሪክ የምትጽፊው አንቺ ነሽ አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ ገና ነው፣ ምን ያሉት ነገር ነው!»

«ገና ምናምን አትበይኝ። ባደረባቸው ሕመም ብለሽ እንዳታነቢብኝ። ስሙን ጥሪልኝ። እኔ ያፈርኩት ይበቃል፤ እዚያ የሚቆሙት ሴቶች ይስሙት።»

ቃል ገባሁላቸው፤ ጻፍኩትም።

በቀብሩ ዕለት ጠዋት ታላቅ ወንድማቸው ኦቦ ጉተማ ድንኳኑ ውስጥ ጠሩኝ። የመናገሻ ገበሬ ናቸው፤ የቤተ ዘመዱ ሁሉ ታላቅ። «የእህቴን ታሪክ አሰሚኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። የሕመሙ ስም ላይ ስደርስ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ማሎ መምህርት! እባክሽ! እህቴን በሕዝብ ፊት ልታዋርጂያት ነው? የሴት ገላ ቤተ ክርስቲያን ላይ ይጠራል?»

«እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ፣ ኦቦ።»

«የታመመ ሰው ብዙ ይላል።»

ሄለን «አጎቴ፣ እማዬ ብላለች» አለች። ሰሚ አላገኘችም። የእድሩ ሊቀ መንበር ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው ቆሞ አነበበው፤ ቦታዋ ላይ ሲደርስ «ባደረባቸው ሕመም» አለና አለፈ። በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች ቆመው ነበር። እኔ ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ። ሰው የሐዘን መስሎታል። ሐዘኑማ ነበረ፤ ያን ሰዓት ግን ንዴቴ በልጦ ነበር።

ኦቦ ጉተማ እንደተቀየሙኝ ወደ መናገሻ ተመለሱ። የእኔም ቅያሜ አልወጣልኝም። ከሰሞኑ፣ አርባው ሳይደርስ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እርሳቸው ናቸው። «አካም ቡልቴ፣ መምህርት?» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ዝግ ብሏል። ገብተው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ለሀዳ መናኮ፣ ለባለቤቴ፣ አንቺን አማሁልሽ» አሉ። «ያቺ አስተማሪ የሴት ሕመም፣ ማሳከክ፣ ቁስል ብላ በአደባባይ ልታነብ ነበር አልኳት። ሰማችኝ። ከዚያ 'ማሳከክ አልክ?' አለችኝ። ቆየችና 'ቆዳው ይነጣል ወይ?' አለችኝ። ልጆች ወልደን፣ አብረን ያረጀን! አንድም ቀን አልነገረችኝም።»

ሄለን የኦቦ ጉተማን ባለቤት ወደ እናቷ ሐኪም ወስዳቸው ነበር። ሐኪሟ አስተኝታ አየቻቸው፤ ቆርጣም አስመረመረች። ካንሰር አይደለም። ነገር ግን ዝም ከተባለ ወደዚያ ሊያመራ የሚችል የቆዳ ሕመም ነው ተብለው መድኃኒት ጀምረዋል፤ በየጊዜውም እየሄዱ ይታያሉ።

«እኔ ስሙ አይጠራ ብዬ ተቆጣሁ» አሉ ኦቦ ጉተማ። «ስቆጣ ራሴ ጠራሁት። ባልቆጣ ሚስቴ መች ትሰማ ነበር? እህቴ ይህን ነው ለካ ያለችው።» ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም ቂሜ የት እንደገባ አላውቅም፤ አብሬያቸው አለቀስኩ። ሊሄዱ ሲነሱ «አርባዋ ላይ አንብቢው። በአማርኛ አንቺ አንብቢ፤ በኦሮምኛ እኔው እናገረዋለሁ» አሉኝ።

እንግዲህ በቀብሩ ያልተነበበው ይህ ነው፦ ወይዘሮ ዘነበች ቱፋ የሴት ብልት የውጪው ክፍል ካንሰር ይዟቸው፣ በቀዶ ሕክምና፣ በጨረርና በኬሞ ሲታከሙ ቆይተው፣ በዚሁ ሕመም ዐረፉ። ያፈሩበት ጊዜ ነበር፤ ማፈራቸውን ትተው ሌሎችን አሳከሙ።

እትዬ ዘነበች፣ ያዘዙኝ ለቀብርዎ ቀን ነበር፤ በአርባዎ ይደርሳል። ጀምረው የተዉትን ልብስ የሱሉልታዋ እህትዎ ወስዳዋለች፤ ስፌቱን ወደ ውጪ ማዞር ከእርስዎ ለምዳለች። ሱቅዎ በር ላይ ዛሬም ልጆች እየመጡ ቀሚሳችን አጠረ ይላሉ፤ ሄለን እያለቀሰች ትፈታላቸዋለች። እኔ ከቀብር ስመለስ ክንዴን የሚይዘኝ ሰው አጥቻለሁ፤ መንገዱ ረዝሞብኛል። በአርባዎ ወንድምዎ ሕዝቡ ፊት ይቆማሉ፤ እኔም አጠገባቸው እቆማለሁ፤ የሕመምዎን ስም በሁለት ቋንቋ እንጠራለን። ከእንግዲህ ስለት አለብኝ ብለው የሚዋሹት ሰው የለም። ብዙ ቆመዋል፤ አሁን እኛ እንቁም። እርስዎ ይቀመጡ፣ እትዬ።